የኮሌጆች ኤግዚቢሽን፦ ውጤት ሳይወጣ ማስመዝገብ ያዋጣል?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈቱት የአንዲት የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ እናት ናቸው። ቅዳሜና እሁድ መስቀል አደባባይ አካባቢ የኮሌጆችና የዩኒቨርሲቲዎች ኤግዚቢሽን አለ። ልጅቱ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት፤ ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነው። በስልካቸው የደረሳቸው ማስታወቂያ በዕለቱ ለሚመዘገብ የመመዝገቢያ ክፍያ እንደማይኖር፣ የመጀመሪያው ወርም በግማሽ ዋጋ እንደሚሆን ይናገራል። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ ውጤት ሳይወጣ ማስመዝገብ ያዋጣል ወይ? ካላዋጣስ እዚያ ሄዶ ምን ይሠራል? 27 መልስ መጣላቸው። የሚጠቅመውንም፣ ጠብ የተነሳበትንም በየተራው አስፍሬዋለሁ።

መልስ 1 ቸኩሎ የገባ ነው። ቅናሽ ካለ መመዝገብ እንደማይጎዳ፣ ቦታው ሳይሞላ መያዝ ብልህነት እንደሆነ ነገራቸው። ምክንያት አልጨመረም።

መልስ 2 በትሕትና አረመው። ለዲግሪ ማን ይግባ የሚለውን የሚወስነው ኮሌጁ ሳይሆን ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ተቋሙ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ልጅቱ በቀጥታ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ለመጀመር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለባት፤ ከ600 ሲሰላ 300 ማለት ነው። ከዚያ በታች ሆና ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚቆርጠውን የሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ነጥብ ካሟላች ሬሜዲያል ትገባለች። እሱንም ካላሟላች ወይ ቴክኒክና ሙያ፣ ወይ ደግሞ ዳግመኛ መፈተን ነው። እዚህ ላይ አሃዝ አመጣ፤ 50 በመቶ የደረሱት በ2014 ከተፈታኙ 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በጥሩው ዓመት እንኳ ከ100 ተፈታኝ ከ90 በላዩ በቀጥታ አልገባም። ታዲያ ከውጤት በፊት የሚሸጠው ቦታ ምኑ ላይ ነው ቦታነቱ? የግድ መክፈል ካማራቸው ደግሞ ውጤቱ ካልደረሰ ገንዘቡ እንደሚመለስ በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ እንዲሰፍር ይጠይቁ። ብዙ ደረሰኝ ግርጌው ላይ ተመላሽ እንደማይሆን በደቃቅ ፊደል ያትማል፤ በቃል የተባለው ሁሉ እዚያች መስመር ላይ ይቀራል።

መልስ 3 ውጤቱ ከ700 አልነበረም ወይ ብሎ ተጠራጠረ። መልስ 4 ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ አስረዳው፤ 700 የሚያዘው ሲቪክስ ሲደመር ነበር። አሁን ለተፈጥሮ ሳይንስ የሚደመሩት 6 ናቸው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ። ሬሜዲያል ለሚገባ ደግሞ የሚያሳልፈው ኮሌጁ በራሱ የሚሰጠው ነጥብ ብቻ እንዳልሆነ፣ 70 በመቶው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና፣ 30 በመቶው ተቋሙ ውስጥ በሚሰጥ ምዘና እንደሚያዝ ጨመረ። እኛ ጋ ሬሜዲያል የገባ አይወድቅም የሚል የኤግዚቢሽን ዳስ ካለ የሰባውን ጉዳይ ረስቶታል።

መልስ 5 የክሩ እምብርት ነው። ጸሐፊው ሬጅስትራር ቤት እንደሚያውቅ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። የተነሳው በየዳሱ ላይ ከሚሰቀለው ዕውቅና ያለው ከሚለው ጽሑፍ ነው። ዕውቅና ያለው ማን ነው? ምኑስ? የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ በጅምላ አይደለም። ፈቃዱ አራት ነገር ይዞ ነው የሚወጣው፤ የትምህርት መስኩን፣ ደረጃውን (የመጀመሪያ ዲግሪ ነው ወይስ ማስተርስ)፣ ካምፓሱን፣ እንዲሁም የሚሰጥበትን መንገድ፣ ማለትም መደበኛ፣ ኤክስቴንሽን ወይም ርቀት መሆኑን። አንዱ ሲጎድል ሌላው አይሸፍነውም። ሜክሲኮ ባለው ካምፓስ አካውንቲንግን በመደበኛ እንዲያስተምር የተፈቀደለት ኮሌጅ፣ መገናኛ በከፈተው ቅርንጫፍ ያንኑ አካውንቲንግ ለማስተማር ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሜክሲኮም ቢሆን ወደ ርቀት ሲያዞረው እንደዚያው።

ቀጥሎ የሚበላሽባቸውን ቦታዎች ዘረዘረ። አንደኛው ቀን ነው፤ ዕውቅና የጊዜ ገደብ አለው፣ ፎቶ ኮፒው ግን ዳሱ ላይ ለዓመታት ተለጥፎ ይኖራል። ሁለተኛው ስም ነው፤ ደብዳቤው ላይ ኮሌጅ የተባለ ተቋም ባነሩ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ይገኛል። ሦስተኛውና በጣም የሚያሳስተው በሂደት ላይ የሚለው ቃል ነው። በሂደት ላይ ማለት ማመልከቻ ገብቷል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ተማሪው ገብቶ ሦስት ዓመት ከተማረ በኋላ ፈቃዱ ካልመጣ ስሙ ወደ ባለሥልጣኑ በሚላከው የተማሪ መረጃ ውስጥ አይኖርም። ለመውጫ ፈተና (ዲግሪ ለመያዝ ማለፍ ለሚገባው) ሲመዘገብ አይገኝም፣ ሥራ ሲቀጠርም ማስረጃው ሲጣራ ይወድቃል። ሰው ይህን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ነው ጣጣው የሚከብደው።

መልስ 6 አንድ ቀዳዳ ደፈነ። መልስ 5 የተናገረው ስለ ዲግሪ ነው፤ በሌቭል ለሚሰጥ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና አዲስ አበባ ውስጥ ፈቃዱን የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የከተማ አስተዳደሩ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም የሚያስተምር ኮሌጅ ሁለት ዓይነት ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ዳሱ ላይ ለዲግሪው የተሰጠውን እያሳዩ ለሌቭል መመዝገብ የተለመደ ነው፤ የዚህ ተገላቢጦሽም አለ።

መልስ 7 አንድ መስመር ነው፤ ታዲያ ተራ ወላጅ ይህን ሁሉ በምን ያጣራል?

መልስ 8 መንገዱን አስቀመጠ። ዳሱ ላይ የዕውቅና ደብዳቤውን አሳዩኝ ይባላል። ሲያሳዩ ቁጥሩ፣ ቀኑና ማኅተሙ በሚታይበት ሁኔታ ሙሉ ገጹ ፎቶ ይነሳል። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ባለሥልጣኑ በድረ ገጹ ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር አራቱ ነገሮች አንድ በአንድ ይመሳከራሉ። ካልተገኘ ሰኞ ሄዶ መጠየቅ ነው። ባለሥልጣኑ የግል ተቋማትን እንደገና እንዲመዘገቡ ባደረገበት ጊዜ ያልተመዘገቡም፣ መስፈርቱን ሳያሟሉ የቀሩም ስላሉ የድሮ ዝርዝር ይዞ መከራከር ዋጋ የለውም። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው ያለ ዳስ መልሱን ሰጥቷል፤ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው።

መልስ 9 የመውጫ ፈተናን አነሳ። ዕውቅና ያለው ሁሉ ያሳልፋል ማለት እንዳልሆነ፣ ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ 100 የምርጫ ጥያቄ መሆኑን፣ ማለፊያው 50 መሆኑን፣ ካላለፉ ዲግሪ እንደማይሰጥ ጻፈ። የጀመረበትን ዓመት ግን 2014 አለው። መልስ 10 ዓመቱን አስተካከለ፤ በሁሉም የትምህርት መስክ የተጀመረው በ2015 መጨረሻ ነው፣ የሕግ ትምህርት መስክ ግን ከዚያ ዓመታት ቀድሞ የራሱ የመውጫ ፈተና ነበረው። በዚያ በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ፣ ከግሉ 17 በመቶ ገደማ ማለፋቸውን አስታወሰ።

እዚህ ላይ አየሩ ተቀየረ። መልስ 11 ከግል ኮሌጅ ማስታወቂያ ክፍል የመጣ ይመስላል። ማነጻጸሩ ፍትሐዊ እንዳልሆነ፣ የግሉ ተፈታኝ አብዛኛው ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር እንደሆነ፣ እንዲህ ያለውን ቁጥር መደርደር የሰው እንጀራ መዝጋት እንደሆነ በቁጣ ጻፈ። በዚያው መልስ የእርሱ ኮሌጅ 95 በመቶ እንዳሳለፈ ጨመረ። የትኛው መስክ፣ የትኛው ዙር? አልተናገረም።

መልስ 12 ግማሹን ተቀበለው። የማታ ተማሪ ጫና እውነት ነው፤ አንድን ኮሌጅ በአገር አቀፍ አማካይ መፍረድም ልክ አይደለም። ለዚህ ነው ዳሱ ላይ ሦስት ቁጥር መጠየቅ የሚያስፈልገው፤ በዚያ መስክ መጀመሪያ ስንት ገቡ፣ ስንት ለመውጫ ፈተና ቀረቡ፣ ስንት አለፉ። ለምሳሌ 60 ገብተው 24 ብቻ ቢቀርቡና 18 ቢያልፉ ባነሩ ላይ የሚጻፈው 75 በመቶ ነው። ከገቡት አንጻር ግን 30 በመቶ ነው። የቀሩት 36 የት ሄዱ? በክፍያ ያቋረጠ አለ፣ የዘገየ አለ፣ ኮሌጁ ራሱ ባዘጋጀው ሞዴል ፈተና አልደረስክም ተብሎ ለሚቀጥለው ዙር የተያዘም አለ። ለዘጠና አምስቱ መልስ ከተገኘ እዚሁ ክሩ ላይ ቢጻፍ ሁሉም እንደሚማርበት ጋበዘው። መልስ 11 ተመልሶ አልመጣም፤ ቢመጣ ጥሩ ነበር፤ ከዳሱ ጀርባ የቆመ ሰው ድምፅ በዚህ ክር ላይ ያ ብቻ ነበርና።

መልስ 13 ወደ ገንዘብ ተሻገረ። አንዱ ኮሌጅ በክሬዲት አወር፣ ሌላው በኢሲቲኤስ (በአውሮፓው የኮርስ ክብደት መለኪያ)፣ ሦስተኛው በወር ስለሚያስከፍል በራሪ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያሳስታል። እዚህ አገር ባለ 3 ክሬዲት አወር ኮርስ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ነው የሚያዘው። 144 ክሬዲት አወር 240 ኢሲቲኤስ ይሆናል ማለት ነው። ለሒሳብ ያህል አንዱ በክሬዲት አወር 800 ብር፣ ሌላው በኢሲቲኤስ 500 ብር ቢጠይቅ ሁለተኛው የረከሰ ይመስላል። የመጀመሪያው 115,200 ብር ነው፣ ሁለተኛው 120,000። በዚህ ላይ በየሴሚስተሩ የመመዝገቢያ፣ የላብራቶሪ፣ የመታወቂያ፣ የምረቃ ክፍያ ይመጣል። በወር ለሚያስከፍሉት ዓመቱ በ10 ወር ነው ወይስ በ12 የሚለው ብቻውን ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ የዘንድሮ ዋጋ እስከ ምረቃ ይጸናል ወይስ በየዓመቱ ይከለሳል ነው። አንድ ኮርስ መድገም ስንት እንደሚያስከፍል የሚጠይቅ ወላጅ ግን ከስንት አንድ ነው።

መልስ 14 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ስለሆነ ይህ ሁሉ ስሌት ለምን ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት በዚያው መልስ ስር ሌላ ሰው ነው፤ ነፃ ሳይሆን የወጪ መጋራት ነው፤ ከትምህርቱ ወጪ ከፊሉን፣ ከዚህ በላይ ምግብና መኝታውን ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። የሚፈረመውን ውል ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል፤ ዋናው ማስረጃ ሲጠየቅ ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራቱ) ተከፍሏል ወይ ይባላልና።

መልስ 15 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዳስ ላይ ጊዜ ማጥፋት እንደማያስፈልግ፣ ምደባው በሚኒስቴሩ ስለሆነ ተማሪው የሚወስነው ነገር እንደሌለ ተናገረ። መልስ 16 ይህ የድሮ ነገር መሆኑን ጠቆመው፤ ትንሽ ሹል ባለ አነጋገር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ለቅድመ ምረቃ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ ከፍሎ የሚማር ተማሪም ይቀበላል። ማመልከቻው፣ ቀኑና ክፍያው የሚወጣው በራሱ በኩል ስለሆነ ዳሱ ላይ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው። እነዚህን ቀኖች ያላወቀ ጥሩ ውጤት ይዞ ሊያመልጠው ይችላል። ልጅቱ ሌላ የምትጠይቀው የዲፓርትመንት ድልድል ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉም የጋራ ኮርስ ይወስዳል፤ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ፣ በዋናነት በተገኘው ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ነው። ሶፍትዌር ወይም ፋርማሲ እማራለሁ ብሎ ዩኒቨርሲቲ የመረጠ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብ ላይ ሲ ካገኘ ሌላ ቦታ ራሱን ያገኘዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ይህ ዲፓርትመንት አላችሁ ወይ ሳይሆን ባለፈው ዓመት ወደዚህ ዲፓርትመንት የገባው የመጨረሻው ተማሪ ጂፒኤ ስንት ነበር የሚለው ነው። ምህንድስናና ሕግ 5 ዓመት፣ አብዛኛው ሌላው 4 ዓመት መሆኑንም አስታወሰ።

መልስ 16 አንድ ሌላ ነገርም ተናግሯል፣ እኔ የወደድኩት። የዩኒቨርሲቲው ዳስ አንድ ቢሆንም ትምህርቱ ያለው በአንድ ግቢ አይደለም። ማኅበራዊ ሳይንስ 6 ኪሎ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ 4 ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ 5 ኪሎ፣ ሕክምና ጥቁር አንበሳ፣ አርክቴክቸርና ሕንፃ ግንባታ ልደታ፣ ንግድ ሥራ ሰንጋ ተራ፣ እንስሳት ሕክምና ደግሞ ቢሾፍቱ። ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ ሰንጋ ተራን፣ ልደታንና ጥቁር አንበሳን በአንድ ከሰዓት ዞሮ ማየት ይቻላል፤ ከበራሪ ወረቀት ይሻላል።

መልስ 17 የግቢዎቹን ስም ሲያይ ትዝታ ቀሰቀሰበትና ስለ ድሮ ትምህርት ቤቶች ጀመረ። የዛሬው እንጦጦ ፖሊቴክኒክ በ1917 የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መሆኑን፣ ጄኔራል ዊንጌትም እንዲሁ ከታወቀ ሁለተኛ ደረጃ ወደ ፖሊቴክኒክ መሻገሩን አወጋ። ከጥያቄው ውጭ ነው፤ ግን በአጋጣሚ ወደሚቀጥለው አሻገረን።

መልስ 18 የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ ናቸው። ሰው ፖሊቴክኒክን በታሪኩ ከማድነቅ ወርክሾፑን ቢያይ እንደሚሻል ተናገሩ። ተግባረ ዕድ ሜክሲኮ አጠገብ ነው፤ ኤግዚቢሽኑን ጨርሶ ብቅ ማለት ይቻላል። የትኛውም ኮሌጅ ቢሆን የሚታየው ይህ ነው አሉ፤ ቶርኖው (የብረት መቅረጫ ማሽኑ) ሥር ትኩስ የብረት ፍቅፋቂ አለ ወይስ ወለሉ ተወልውሎ ያበራል? ሞርሳው (የብረት ማሰሪያው) ጥርሱ የተበላ ነው ወይስ ቀለሙ እንኳ ያልተነካ? ንጹሕ ወርክሾፕ የሚሠራበት ወርክሾፕ አይደለም። ለብየዳ አንድ ሠልጣኝ በሳምንት ስንት ኤሌክትሮድ እንደሚያቃጥል ይጠየቅ። ማሽን ኖሮ ኤሌክትሮድና ላሜራ ካልተገዛ ሥልጠናው በሰሌዳ ላይ ያልቃል። ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ መሆን ስላለበት የትብብር ሥልጠናው ከየትኛው ድርጅት ጋር እንደሆነና የተፈረመ ውል መኖሩ ይጣራ። ድርጅት ራስህ ፈልግ የሚባል ሠልጣኝ ብዙ ጊዜ ሻይ ሲልክና ወለል ሲጠርግ ይከርማል።

ስለ ሲኦሲም (የሙያ ብቃት ምዘናው) አብራሩ። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ነው፤ ውጤቱ በነጥብ ሳይሆን ብቁ ወይም ገና ብቁ ያልሆነ በሚል ነው የሚነገረው። ሰው የሚወድቀው በተግባሩ ነው፤ ሥራውን ስለማያውቅ ብቻ ሳይሆን በምዘና ማዕከሉ ያለው ማሽን ከሠለጠነበት ስለሚለይ፣ ወይም የደህንነት ጫማና መነጽር ሳያደርግ ስለሚጀምር። ኮሌጁ በየሌቭሉ ስንት አስመዝኖ ስንት ብቁ እንደተባለ መጠየቅ ከመልስ 12 ሦስት ቁጥር ጋር አንድ ነገር ነው።

መልስ 19 ሌቭል የወደቀ ሰው ቦታ እንደሆነ ጽፎ አለፈ። በዚያው መልስ እናትየዋን አንቺ እያለ ልጅሽን እዚያ አታባክኚ አላቸው። መልስ 20 አሠልጣኙ ናቸው፤ ንዴታቸው ይታያል። በከተማው ውስጥ ሊፍት ቆሞ፣ ጄኔሬተር ተበላሽቶ፣ የመኪና ሴንሰር የሚያነብ ጠፍቶ ሲፈለግ የሚጠራው ማን እንደሆነ ጠየቁት፤ የሚጠራው ሰው የዲግሪ ወረቀት አይጠየቅም፣ ሲኦሲና እጅ እንጂ። መልስ 21 ደግሞ የተቆጣው እናትየዋ አንቺ በመባላቸው ነው፤ ሰው የልጅ እናት መሆናቸውን ተናግረው እየጠየቁ አንቱ ማለት ምን ይከብዳል? መልስ 19 ይቅርታ ጠየቀ፣ ስለ ሌቭሉ ግን አልተመለሰም።

መልስ 22 ስለ ውጭ አገር ትምህርት ደላሎች ነው። በኤግዚቢሽኑ ጥግ ላይ መቶ በመቶ ስኮላርሺፕ የሚል ባነር ዘርግተው የሚቆሙ አሉ። ሦስት ማጣሪያ ሰጠ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት አካባቢ የሚሞላ ነው፤ ክፍያ የለውም። ለማስሞላት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚሸጠው የራሱን ጣት ነው። የአሜሪካ ተማሪ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ የሲቪስ (የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) ክፍያ 350 ዶላር ነው፤ ሁለቱም ለደላላ የሚከፈሉ አይደሉም፣ ቪዛ አረጋግጣለሁ ማለትም ማንም የማይችለው ነገር ነው። ሦስተኛው፣ ደላላው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ካርድ አምጡ ካለ አሁን ያለውን ሥርዓት አያውቅም። ያ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ነው። የሚያስፈልገው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕትና የ12ኛው ውጤት ነው።

መልስ 23 ዲቪ መሙላት እንደሚሻል ጻፈ፣ ከዚያም ስለ ዲቪ ፎቶ መጠን ሰባት ሰው ተከራከረ። አወያዩ ሰባቱንም ወደ ሌላ ክር አዛወራቸው፤ እኔም አልቆጠርኳቸውም።

መልስ 24 ዲግሪ ጊዜው እንዳለፈበት፣ በ2016 ሐምሌ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና እንደሚበቃ ተከራከረ። ሥልጠናው ነፃ መሆኑ፣ ድረ ገጽ መሥራትን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያን፣ የዳታ ሳይንስንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረት ማስያዙ እውነት ነው። ውጤት እስኪመጣ ባሉት ሳምንታት ልጅቱ አንዱን ብትጨርስ የኮምፒውተር ትምህርት ይስማማት እንደሆነ ታውቅበታለች። ዲግሪን ይተካል የሚለውን ግን ማንም አልደገፈውም።

መልስ 25 ላይ እናትየዋ ተመለሱ። ሁሉንም አመስግነው ልጃቸው በልቧ ያለው ሕክምና እንደሆነ፣ በመንግሥት ካልደረሳት የግል ሕክምና ኮሌጅ ዳስ ላይ ምን መጠየቅ እንዳለባት ጠየቁ።

መልስ 26 ከጤናው ሙያ ነው። መጀመሪያ ሆስፒታሉ፤ ኮሌጁ የራሱ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው ወይስ ከሌላ ሆስፒታል ጋር በስምምነት ነው የሚያሠራው? በስምምነት ከሆነ ውሉ መቼ ያበቃል፣ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ሌሎች ስንት ኮሌጆች ተማሪ ያሠማራሉ? አንድ አልጋ ዙሪያ 20 ተማሪ ከቆመ ታማሚውን የሚነካው የፊተኛው ነው፤ የኋላው የጓደኛውን ትከሻ አይቶ ይመለሳል። አናቶሚ በአስከሬን ነው የሚማሩት ወይስ በፕላስቲክ ሞዴል ብቻ? ቋሚ ስፔሻሊስት መምህራን ስንት ናቸው፣ በሰዓት ተከፍሎአቸው የሚመጡትስ? ከዚያ ወደ መልስ 5 ተመለሰና የካምፓሱ ዕውቅና በስሙ ለሕክምና መሆኑ እንዲታይ አሳሰበ። ለነርሲንግ የተሰጠ ዕውቅና ለሕክምና አይሆንም፣ ሁለቱም ጤና ተብለው አንድ ባነር ላይ ቢጻፉም። የጤና ባለሙያ ከማስረጃው ባሻገር የሙያ ፈቃድ ሳይኖረው እንደማይሠራም አስታወሰ።

መልስ 27 የቀኑን አካሄድ የነገረ ነው። በቀላል ባቡር ስታዲየም ወይም መስቀል አደባባይ መውረድ ነው፤ ሁለቱም መስመር እዚያ ያልፋል፣ መኪና ማቆሚያ ከመፈለግ ያድናል። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ መግባት ይሻላል፤ የዲፓርትመንት መምህራን ካሉ ያን ሰዓት ነው የሚገኙት፤ እሁድ ከሰዓት የሚቀሩት ማስታወቂያ ሠራተኞች ናቸው። የትራንስክሪፕት ኮፒ ይያዝ፣ ዋናው ቤት ይቅር፤ ለመመዝገቢያ ብሎ ዋናውን የሚጠይቅ ዳስ ላይ አንድም ወረቀት አይተውም። ስልክ ቁጥር በየመዝገቡ ላይ የጻፈ እስከ ጥቅምት ድረስ ጥሪ ሲመልስ ይከርማል። ስለዚህ ቁጥር የሚሰጠው ደብዳቤውን ላሳየ ብቻ ነው። አምስት ዳስ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሰሙት ይደባለቃል። ከእያንዳንዱ ዳስ ሲወጡ ወዲያው በራሪ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ካምፓስ፣ የፈቃድ ቁጥር፣ ሦስቱ ቁጥሮችና ጠቅላላ ዋጋ ይጻፍ። አንድ ነገር ደግሞ ለእናትየዋ በተለይ፤ ጥያቄውን ልጅቱ ራሷ ትጠይቅ፣ እርሳቸው ቦርሳዋን ይያዙላት። ወላጅ ፊት የቆመ ማስታወቂያ ሠራተኛ ስለ ክፍያ ብቻ ነው የሚያወራው፤ ልጅቱ ብቻዋን ስትጠጋ ግን በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚሰጡትን ኮርሶች በስም እንዲነግራት ትጠይቀው፣ መናገር ከቻለም ላብራቶሪው ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ።